የቦይ ጀልባ ኑሮና የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በእንግሊዝ

የቦይ ጀልባ ኑሮ በእንግሊዝና በዌልስ ሰው ሠራሽ የውሃ መንገዶች ላይ ጀልባን እንደ መኖሪያ ቤት ይዞ መኖር ነው። ለዚህ ኑሮ በብዛት የሚያገለግለው ናሮውቦት የሚባለው ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። ወርዱ 2.1 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በጀልባ ላይ ከሚኖሩት ሰዎች መካከል ብቸኛ ነዋሪዎች፣ ጡረተኞች፣ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች እንዲሁም የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ይገኛሉ።

ይህ መጣጥፍ የቦይ ጀልባ ኑሮን ታሪክና አሠራር ካስረዳ በኋላ፣ በዚህ ኑሮ ውስጥ ያለ የተመሳሳይ ፆታ ቤተሰብ በትዳር፣ በልጅ፣ በውርስና በመኖሪያ ረገድ ሕጉ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደማይሰጠው ያብራራል። ከ1967 ወዲህ የአገሪቱ ሕግ እነዚህን ጥንዶች እንደ ቤተሰብ ወደ ማወቅ ደረጃ በደረጃ ሄዷል። ጀልባው ራሱ ግን እስካሁን በሕግ ዓይን በአብዛኛው እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንጂ እንደ ቤት አይታይም። በዚህ ምክንያት የቤተሰቡ መብትና የቤቱ መብት እኩል አልተራመዱም።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የጭነት ዘመን

በእንግሊዝ የቦይ ዘመን ጀመረ የሚባለው የብሪጅዋተር ቦይ በ1761 ሲከፈት ነው። ይህን ቦይ ያስቆፈረው የብሪጅዋተር መስፍን ሲሆን ዓላማው ከዎርስሊ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል ወደ ማንቸስተር ማጓጓዝ ነበር። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ጄምስ ብሪንድሊ በኋላ በመካከለኛው እንግሊዝ ሌሎች ቦዮችንም ነደፈ። በእርሱ ዘመን የተመረጠው የጠባብ ሎክ መጠን ዛሬም የጀልባዎቹን ወርድ ይወስናል። ጀልባው ጠባብ የሆነው ሎኩ ጠባብ ስለሆነ ነው።

በዚያን ጊዜ ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቦዩ ዳር ባለው መንገድ ላይ የሚሄዱ ፈረሶች ነበሩ። አንድ ፈረስ በመንገድ ላይ ሊጎትት ከሚችለው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጭነት፣ ማለትም 25 ቶንና ከዚያ በላይ፣ በውሃ ላይ መጎተት ይችል ነበር። በ1790ዎቹ ቦይ መቆፈር እንደ ወረት ተስፋፍቶ ብዙ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን አፈሰሱበት።

በ1830 የሊቨርፑልና ማንቸስተር የባቡር መስመር ከተከፈተ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ባቡር ፈጣን በመሆኑ የቦይ ትራንስፖርት ዋጋ ወረደ፤ የጀልባ ሠራተኞችም ገቢያቸው ቀነሰ። ብዙዎቹ በየብስ ያለውን የቤት ኪራይ ለመተውና ተቀጣሪ ረዳት ላለማስገባት ሲሉ ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ ጀልባው አስገቡ። መላው ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ክፍል በጀልባው ኋላ የሚገኝና ርዝመቱ ከ3 ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነበር። አልጋው ቀን ታጥፎ ቁም ሣጥን ይሆናል፤ የቁም ሣጥኑ በር ወርዶ ጠረጴዛ ይሆናል። የጽጌረዳ አበባና የግንብ ሥዕል የሚበዛበት የጀልባ ጌጥም የዚህ ኑሮ ቅርስ ነው።

የ1877 እና የ1884 ሕጎች

የጀልባ ቤተሰቦችን ኑሮ መንግሥት መቆጣጠር የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የኮልቪል ሰው ስለ ጀልባ ልጆች መጨናነቅ፣ በሽታና መሃይምነት በመጻፍ ዘመቻ አካሄደ። በውጤቱም የ1877 የቦይ ጀልባዎች ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ መኖሪያ የሆኑ ጀልባዎች እንዲመዘገቡ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር እንዲወሰን፣ ወንዶችና ሴቶች በመኝታ እንዲለዩ፣ ልጆችም ለትምህርት ጉዳይ ጀልባው የተመዘገበበት አካባቢ ነዋሪ ተደርገው እንዲቆጠሩ አዘዘ። የ1884ቱ ማሻሻያ የቁጥጥሩን ሥራ አጠናከረው።

እነዚህ ሕጎች ለልጆቹ ጠቃሚ ነበሩ። ሆኖም በጀልባ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ማየት የተቆጣጣሪ ሥራ እንዲሆንም አድርገዋል። የጀልባ ቤተሰብን በጥርጣሬ የማየት ልማድ ከዚህ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይታያል።

ጦርነቱና ሴት መርከበኞች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶች ወደ ጦር ሜዳ በመሄዳቸው የጀልባ ሠራተኛ ጠፋ። ከ1942 ጀምሮ የጦርነት ትራንስፖርት ሚኒስቴር ሴት በጎ ፈቃደኞችን በግራንድ ዩኒየን ቦይ ላይ አሠለጠነ። እነዚህ ሴቶች ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት የተያያዙ ጀልባዎችን ይዘው ከለንደን ወደ በርሚንግሃም ብረትና ሌላ ጭነት ይወስዱ ነበር፤ ሲመለሱም ከኮቨንትሪ አካባቢ የድንጋይ ከሰል ይጭናሉ። በደረታቸው ላይ የሚያደርጉት የአገር ውስጥ የውሃ መንገዶች ምልክት ሁለት ፊደሎች ስለነበሩት ሰዎች በቀልድ «ሥራ ፈት ሴቶች» ብለው ተረጎሙት፤ ስያሜውም በዚያው ቀረ። ከመካከላቸው ሱዛን ዉልፊት እና ኤማ ስሚዝ ከጦርነቱ በኋላ ስለዚህ ሥራ መጻሕፍት ጽፈዋል። ሴቶች ያለ ወንድ ጀልባ መንዳት፣ ሎክ መክፈትና ጭነት ማድረስ እንደሚችሉ በሰፊው የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከጭነት ወደ መኖሪያነት

ጸሐፊው ቶም ሮልት ከ1939 ጀምሮ ከባለቤቱ ከአንጄላ ጋር «ክሬሲ» በተባለች ጀልባ ላይ ኖረ። በ1944 ያሳተመው መጽሐፍ የብዙ ሰዎችን ትኩረት ወደ ቦዮች ሳበ። በ1946 የአገር ውስጥ የውሃ መንገዶች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ሮልትና ሮበርት ኤክማን ይገኙ ነበር። ማኅበሩ የተተዉ ቦዮች እንዳይደፈኑ ታገለ።

በ1948 አብዛኞቹ ቦዮች ወደ መንግሥት ይዞታ ገቡ። ከ1962 እስከ 1963 የነበረው ከባድ ክረምት ቦዮቹን ለሳምንታት በበረዶ ዘግቶ ለተዳከመው የጭነት ሥራ የመጨረሻ ምት ሆነበት። የ1968 የትራንስፖርት ሕግ ብዙ ቦዮችን ለመዝናኛ ጉዞ መደባቸው። ከዚያ ወዲህ የጭነት ክፍሉ የነበረበት ቦታ ሁሉ ወደ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና መኝታ ቤት የተቀየረባቸው ጀልባዎች በዙ። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የውሃ መንገድ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በዚህ መረብ ላይ ከ30,000 በላይ ፈቃድ ያላቸው ጀልባዎች አሉ፤ ቋሚ መኖሪያ የሆኑት ግን የዚህ ከፊል ብቻ ናቸው። በተለይ በለንደን የቤት ዋጋ መናር ብዙ ወጣቶችን ወደ ቦዩ ገፍቷል።

የጀልባው አሠራርና የዕለት ኑሮ

መጠንና ግንባታ

የዛሬ መኖሪያ ጀልባ በብዛት ከብረት ይሠራል። የተለመደው የብረት ውፍረት ለወለሉ 10፣ ለጎኑ 6፣ ለክፍሉ ግድግዳ 4 ሚሊ ሜትር ነው። 17.4 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ በአብዛኛው የቦይ መረብ ሁሉ ሊያልፍ ስለሚችል ተፈላጊ ነው። ከውስጥ የሚቀረው ወርድ ግን 1.8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በአገናኝ መንገዱ ሲተላለፉ አንዱ ዞር ማለት አለበት። የተጣላ ሰው በር ዘግቶ የሚቀመጥበት ሌላ ክፍል ብዙ ጊዜ የለም፤ ማረፊያው የቦዩ ዳር መንገድ ነው።

ሎክ

ሎክ የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ሁለት የውሃ ክፍሎች የሚያገናኝ፣ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው፣ በጡብ ወይም በድንጋይ የተሠራ ክፍል ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ በታችኛው በር ይገባና በሩ ይዘጋል። ከዚያም በላይኛው በኩል ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎች በእጅ መዘውር ሲከፈቱ ውሃ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ጀልባውም ከውሃው ጋር ከፍ ይላል። ውሃው ከላይኛው ጋር ሲስተካከል የላይኛው በር ይከፈታል። ሥራውን የሚሠራው የውሃው ክብደት ስለሆነ ሞተር አያስፈልግም።

አንድ ሰው ብቻውን ሎክ ማለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ለሁለት ሰው የተመቸ ነው። አንዱ ጀልባውን ይይዛል፣ ሌላው በሮቹንና መዝጊያዎቹን ይሠራል። ወደ ታች በሚወርዱበት ጊዜ የጀልባው ኋላ ከላይኛው በር ሥር ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ከተሰቀለ ጀልባው ወደ ፊት ተዘንብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት በመሪው ላይ ያለው ሰውና በመዝጊያው ላይ ያለው ሰው እርስ በርስ መተያየትና በምልክት መግባባት አለባቸው። በቦይ ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ፍጥነት ብዙ አይበልጥም።

ሙቀት፣ መብራትና ውሃ

ክረምት ላይ ጀልባውን የሚያሞቀው ብዙ ጊዜ እንጨትና የድንጋይ ከሰል የሚያቃጥል ትንሽ የብረት ምድጃ ነው። መብራት የሚገኘው ከባትሪ ሲሆን ባትሪዎቹ በሞተሩ ወይም በጣሪያ ላይ ባሉ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ይሞላሉ። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ደካማ ስለሆነ ሞተሩን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ማስነሳት ይገባል። ለማብሰያ የጋዝ ሲሊንደር ይጠቀማሉ። ውሃ በቦዩ ዳር ካሉ ቧንቧዎች ወደ ጀልባው ታንከር ይሞላል፤ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ደግሞ ለዚህ በተዘጋጁ ጣቢያዎች ይደፋል።

ከአደጋዎቹ ሁሉ አደገኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ከሰልን በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድዶ የተኛ ሰው ላይ የሚደርሰው ሞት ይኸው ጋዝ የሚያመጣው ነው። ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃም። በጀልባ ላይ መስኮቱ ትንሽ፣ ምድጃውም ከአልጋው ቅርብ ስለሆነ አደጋው ይበልጣል። ከ2019 ጀምሮ የጋዙ ማንቂያ ደወል የጀልባ ደኅንነት ምርመራ አካል ሆኗል። ይህ ምርመራ በየ4 ዓመቱ ይደረጋል፤ ያለ እርሱ ፈቃድ አይገኝም።

ፈቃድና የ14 ቀን ደንብ

የ1995 የብሪቲሽ ወተርዌይስ ሕግ አንቀጽ 17 ለጀልባ ፈቃድ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። እነርሱም የደኅንነት የምስክር ወረቀት፣ ኢንሹራንስ እና ሦስተኛው ከሁለት አንዱ ነው፦

* ጀልባው በሕጋዊ መንገድ ሊቆምበት የሚችል ቋሚ ማሰሪያ ቦታ፤
* ወይም ጀልባው በፈቃዱ ዘመን ሁሉ በእውነት የሚጓዝ ሆኖ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ፣ ወይም እንደ ሁኔታው ምክንያታዊ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተከታታይ የማይቆም መሆን።

ቋሚ ማሰሪያ ያላቸው ሰዎች ለቦታው ኪራይ ይከፍላሉ። ማሰሪያ የሌላቸው ሁልጊዜ ተጓዦች ይባላሉ። ሕጉ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር መጓዝ እንዳለበት በቁጥር አልጻፈም፤ አስተዳዳሪው ድርጅት ግን በዓመቱ ውስጥ የጉዞው ክልል ከ24 እስከ 32 ኪሎ ሜትር ካነሰ በቂ ሊሆን እንደማይችል አስታውቋል። በሽታ፣ የሞተር ብልሽት፣ በረዶ ወይም የሎክ ጥገና ረዘም ላለ ቆይታ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ከ2024 ጀምሮ ቋሚ ማሰሪያ የሌላቸው ጀልባዎች በፈቃድ ክፍያቸው ላይ ተጨማሪ እንዲከፍሉ ተደርጓል፤ ይህም የነዋሪዎችን ተቃውሞ አስነስቷል።

ፈቃድ የሌለውን ጀልባ ድርጅቱ ከ28 ቀን ማስጠንቀቂያ በኋላ ከውሃው ሊያነሳ ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን የተሰጠው በ1983 ሕግ ነው። ጀልባው የሰው መኖሪያ በሆነ ጊዜ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ጀልባው በሕግ ፊት፦ ቤት ወይስ ንብረት?

በእንግሊዝ ሕግ መሠረት የተከራይ ጥበቃ በአብዛኛው ከመሬትና ከመሬት ጋር ከተያያዘ ሕንፃ ጋር የተቆራኘ ነው። በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በቴምዝ ወንዝ ላይ ታስሮ ስለነበረ አንድ መኖሪያ ጀልባ ሲወስን፣ ጀልባው በገመድና በመስመሮች ከዳርቻው ጋር ቢያያዝም ሊፈታና ሊንቀሳቀስ ስለሚችል የመሬቱ አካል አይደለም፤ ስለዚህ የቤት ኪራይ ሕግ ጥበቃ አያገኝም ብሏል። የ1983 የተንቀሳቃሽ ቤቶች ሕግም ለጎማ ቤቶች ነዋሪዎች የሚሰጠውን ጥበቃ ለጀልባ አይሰጥም።

በተግባር ይህ ማለት የማሪና ባለቤት የማሰሪያ ውሉን ዘመን ጨርሶ ላለማደስ ቢወስን፣ ነዋሪው በቤት ተከራይ ደረጃ የሚከራከርበት መብት የለውም። በሌላ በኩል የ2010 የእኩልነት ሕግ ማንም አገልግሎት ሰጪ ሰውን በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት እንዳያስተናግድ መከልከልን ሕገ ወጥ አድርጎታል። የማሪና ባለቤት ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ጥንዶች ስለሆኑ ብቻ ማሰሪያ ሊነፍጋቸው አይችልም። ውሉን ያለ ምክንያት አለማደስ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ ድብቅ ምክንያትን ማስረዳትም ከባድ ነው።

በ2016 የወጣው የቤትና የዕቅድ ሕግ የአካባቢ ባለሥልጣናት የቤት ፍላጎትን ሲያጠኑ ለመኖሪያ ጀልባዎች ማሰሪያ የሚሆን ቦታንም እንዲያዩ አዟል። ይህም ጀልባ የመኖሪያ ዓይነት መሆኑን ከተቀበሉ ጥቂት ድንጋጌዎች አንዱ ነው።

የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ሕጋዊ ሁኔታ

ዋና ዋና ዓመታት

* 1967፦ በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በላይ በሆኑ ሁለት ወንዶች መካከል በግል የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ቀረ። ሕጉ በንግድ መርከብ ላይ ያሉ መርከበኞችን ግን ለይቶ አስቀርቷል። በሴቶች መካከል ያለው ግንኙነት ቀድሞም በወንጀልነት አልተደነገገም ነበር።
* 2004፦ የሎርዶች ምክር ቤት የሞተ ተከራይ የተመሳሳይ ፆታ አጋር እንደ ትዳር ጓደኛ ኪራዩን ሊወርስ ይችላል ብሎ ወሰነ።
* 2005፦ የ2004ቱ የሲቪል አጋርነት ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ የ2002ቱ የጉዲፈቻ ሕግም በዚሁ ዓመት መጨረሻ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በጋራ ልጅ የማሳደግ መብት ሰጠ።
* 2009፦ በሕክምና እርዳታ ከወለደች ሴት ጋር በሲቪል አጋርነት የምትኖር ሴት የልጁ ሕጋዊ ወላጅ ሆና እንድትመዘገብ ተፈቀደ።
* 2010፦ በምትክ እናት ልጅ ያገኙ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በፍርድ ቤት የወላጅነት ትእዛዝ መጠየቅ ቻሉ።
* 2014፦ በማርች 29 የመጀመሪያዎቹ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻዎች ተፈጸሙ። በዲሴምበርም የሲቪል አጋርነትን ወደ ጋብቻ መለወጥ ተቻለ።

የ2004ቱ የሎርዶች ምክር ቤት ውሳኔ ለጀልባ ነዋሪዎች ያለው ትርጉም ትምህርት ሰጪ ነው። ውሳኔው በየብስ ቤት ለተከራዩ ጥንዶች ትልቅ ድል ነበር። በኪራይ ጀልባ ላይ ለሚኖሩ ጥንዶች ግን መጀመሪያውኑ የሚወረስ የተከራይነት መብት ስለሌለ የሚሰጣቸው ነገር አልነበረም።

ጋብቻ

በእንግሊዝና በዌልስ የሲቪል ጋብቻ ለመፈጸም ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ቀርበው ለመዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ይሰጣሉ። ከማስታወቂያው በፊት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀን በዚያ የምዝገባ ወረዳ መኖር አለባቸው፤ ከማስታወቂያው በኋላ ደግሞ 28 ቀን ይጠበቃል። በየ14 ቀኑ ለሚንቀሳቀሱ ጥንዶች የ7 ቀኑ ግዴታ ሊሟላ የሚችል ነው፤ የሚያስቸግረው የአድራሻ ማስረጃ ማቅረቡ ነው።

ጋብቻው በራሳቸው ጀልባ ላይ እንዳይፈጸም የሚያግድ ሌላ ደንብም አለ። የሲቪል ሥነ ሥርዓት የሚፈጸምበት ቦታ አስቀድሞ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ደንቡ ጀልባን የሚቀበለው በቋሚነት የታሰረ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጓዝ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ጥንዶች ሕጋዊውን ሥርዓት በየብስ ፈጽመው ድግሱን በጀልባው ላይ ያደርጋሉ። በ2022 የሕግ ኮሚሽኑ ፈቃዱ ከሕንፃው ይልቅ ሥርዓቱን በሚመራው ሰው ላይ እንዲመሠረት ሐሳብ አቅርቧል።

ልጆች

ልጅ ማሳደግ ለሚፈልጉ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ሦስት ዋና መንገዶች አሉ፦ የሕክምና እርዳታ፣ ጉዲፈቻና ምትክ እናትነት። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ቤቱን በቀጥታ ይመለከታሉ። በጉዲፈቻ ጊዜ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወደ አመልካቾቹ መኖሪያ እየመጣ ስፋቱን፣ ደኅንነቱንና የኑሮውን መረጋጋት ይመረምራል። በምትክ እናትነት ጊዜ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የወላጅነት ትእዛዝ ለመስጠት የልጁ መኖሪያ ከአመልካቾቹ ጋር መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የጀልባ ነዋሪዎች ኑሯቸው የተረጋጋ መሆኑን ማሳየት ያለባቸው የቤት አድራሻ ሳይኖራቸው ነው።

ልጁ ከመጣ በኋላ ያለው ችግር በሁሉም የጀልባ ቤተሰብ ላይ አንድ ነው። ሕፃን በሚድህበት ዕድሜ ምድጃው በአጥር ይከለላል፤ ከበር ውጭ የሚወጣ ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳል። ትምህርት ቤት ሲጀምር ደግሞ የ14 ቀኑ ደንብና የትምህርት ቤቱ ቦታ ይጋጫሉ። ቤተሰቡ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ከቆየ ፈቃዱ ሊነካ ይችላል፤ ርቆ ከሄደ ልጁ በየቀኑ ረጅም መንገድ ይጓዛል። አንዳንዶች በትምህርት ወራት በተቻለ መጠን በቅርብ እየተዘዋወሩ በእረፍት ጊዜ ርቀው ይጓዛሉ፤ ሌሎች ቋሚ ማሰሪያ ይከራያሉ፤ ጥቂቶች በቤት ያስተምራሉ።

ሐኪም ዘንድ ለመመዝገብ በሕዝብ የጤና አገልግሎት መመሪያ መሠረት የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም። ለምርጫም ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ከአንድ አካባቢ ጋር ያለውን ግንኙነት በመግለጽ ሊመዘገብ ይችላል። ይሁን እንጂ የባንክ፣ የኢንሹራንስና የትምህርት ቤት ቅጾች ብዙውን ጊዜ የቤት ቁጥር ይጠይቃሉ። ብዙ ነዋሪዎች የዘመድ አድራሻ ይጠቀማሉ። በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር የተቆራረጠ ሰው ይህ መፍትሔ ላይኖረው ይችላል።

ሞትና ውርስ

በእንግሊዝና በዌልስ የአገር ውስጥ ጀልባ ባለቤትነት እንደ መሬት በግዴታ የሚመዘገብበት መዝገብ የለም፤ የጉዞ ፈቃዱም የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። የባለቤትነት ዋናው ማስረጃ የሽያጭ ሰነዱ ነው። ሰነዱ በአንደኛው ስም ብቻ ከሆነና ያ ሰው ቢሞት፣ በሕይወት የቀረው አጋር ዕጣ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ኑዛዜ መኖሩና ጥንዶቹ በሕግ የተጋቡ መሆናቸው።

የተጋቡ ወይም በሲቪል አጋርነት የተመዘገቡ ጥንዶች ያለ ኑዛዜም እርስ በርስ ይወራረሳሉ። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ግን፣ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ያለ ኑዛዜ በቀጥታ አይወርሱም፤ ንብረቱ ወደ ሟቹ የሥጋ ዘመዶች ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ አጋር በ1975 የውርስ ሕግ መሠረት ድርሻ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት ለተመሳሳይ ፆታ አጋሮች በግልጽ የተዘረጋው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሞት የለያቸው ጥንዶች ቤትም መርከብም የሆነችውን ጀልባ ለሟቹ ዘመዶች አስረክበው ሊወጡ ይገደዱ ነበር።

በመጨረሻም ጀልባው ቢወረስም የማሰሪያ ውሉ የግል ውል ስለሆነ በራሱ ወደ ወራሹ አይተላለፍም። ስለዚህ ጀልባው በሁለቱም ስም እንዲገዛ፣ የማሰሪያ ውሉ ሁለቱንም እንዲጠቅስና ኑዛዜ እንዲጻፍ ይመከራል።

ማንቸስተርና ካናል ስትሪት

የቦይና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ታሪክ በአንድ ቦታ የሚገናኘው በማንቸስተር ከተማ ነው። በ1804 ሙሉ በሙሉ የተከፈተው የሮችዴል ቦይ በከተማዋ መሃል ያልፋል፤ በዳርቻው ያለው መንገድም ካናል ስትሪት ይባላል። የጭነት ሥራው ከሞተ በኋላ አካባቢው የተተወ መጋዘን የሞላበት ጨለማ ሥፍራ ሆኖ ነበር። ከዓይን ለመሰወር የሚፈልጉ ወንዶች እዚህ ይገናኙ እንደነበር ይታወቃል።

በ1988 መንግሥት አንቀጽ 28 የተባለውን፣ የአካባቢ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን «እንዳያስፋፉ» የሚከለክለውን ሕግ ሲያወጣ፣ በማንቸስተር ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ተደረገ። በ1990 በካናል ስትሪት ላይ የተከፈተው ማንቶ የተባለ መጠጥ ቤት ፊቱን በትልልቅ መስተዋት ሠራ፤ በዚያን ጊዜ ሌሎቹ መስኮታቸውን ይጋርዱ ስለነበር ይህ እንደ አዲስ ነገር ታየ። አንቀጽ 28 በእንግሊዝና በዌልስ የተሻረው በ2003 ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ የሆነው አላን ቱሪንግ በ1952 ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት ተከስሶ ተፈርዶበት ነበር። ሐውልቱ በ2001 የቆመው በካናል ስትሪት አጠገብ ባለው የሳክቪል መናፈሻ ውስጥ ነው።

የሮችዴል ቦይ አብዛኛው ክፍል በ1952 ለመርከብ ጉዞ ተዘግቶ የነበረ ሲሆን በ2002 ሙሉ በሙሉ ዳግም ተከፈተ። ዛሬ ዘጠኙን የከተማ ሎኮች የሚያልፉ ጀልባዎች ከካናል ስትሪት ጎን ለጎን ይጓዛሉ።

አከራካሪ ጉዳዮች

ስለ ጀልባ ኑሮ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በሦስት ወገኖች መካከል ነው። አስተዳዳሪው ድርጅት ቦዮቹ ለሁሉም ተጓዥ ክፍት መሆን እንዳለባቸውና በታወቁ ሥፍራዎች፣ በተለይም በለንደን፣ ማቆሚያ እንደጠበበ ይናገራል። ብሔራዊ የባርጅ ተጓዦች ማኅበርን የመሰሉ የነዋሪዎች ድርጅቶች ሕጉ የጉዞ ርቀት እንዳልወሰነ፣ ጀልባው ለነዋሪው ቤት እንደሆነና ቤት የሚነጥቅ ርምጃ ከሰብአዊ መብት አንጻር መመዘን እንዳለበት ይከራከራሉ። በዳርቻው ባሉ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ስለ ጭስና ስለ ሞተር ድምፅ ቅሬታ ያቀርባሉ።

የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በዚህ ክርክር ውስጥ የተለየ ደንብ የላቸውም። የሚመለከታቸው ፈቃድ፣ ማሰሪያና የ14 ቀን ገደብ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ለችግር ጊዜ በሚተማመኑበት ነገር ላይ ነው። በየብስ ያለ ዘመድ፣ የሚላክበት አድራሻና የሚጠጉበት ቤት ያለው ቤተሰብ ፈቃዱን ቢያጣ መውደቂያ አለው። ይህ የሌላቸው ጥንዶች ግን ጀልባቸውን ሲያጡ ያላቸውን ብቸኛ ቤት ያጣሉ።

ደግሞ ይዩ

* ማንቸስተር
* የኢንዱስትሪ አብዮት
* የሱዌዝ ቦይ
* አላን ቱሪንግ
* የቴምዝ ወንዝ